ቅቤ ውስጥ የገባው መድኃኒት

አይጥ መግደል ይለመዳል። አንገቷን በሁለት ጣቴ ተጭኜ ጅራቷን ወደ ኋላ ስስብ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ ሆዷን ቀድጄ ጉበቷን አወጣለሁ። ዲላ ባለው ቤተ ሙከራችን ቅቤና ስኳር እየቀለብን ያደለብናቸው አይጦች ጉበታቸው ቢጫ ነው፤ እጅ ላይ ያሙለጨልጫል። ከዚያው ቀለብ ጋር የቀይ ቡና ልጣጭ በውሃ ዘፍዝፈን ያጠጣናቸው ግን ጉበታቸው ቀላ ይላል። አንጀታቸው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ይለያሉ፤ ለሰውነት የሚበጁት በርከት ይላሉ። የምናውቀው ይህን ብቻ ነው፣ ያውም በአይጥ።

ኮንጋ፣ መንደራችን ያለው አባቴ መጠጥ አፉ አይነካም። ቢሆንም ሐኪሙ ጉበትህን ስብ ወርሶታል፣ ቅቤ ካልተውክ ይደድርና አትተርፍም አለው። እኔም እንዲጽናና ብዬ ስለ ልጣጩ ነገርኩት። ቅቤውን ግን ተው፣ አይጥና ሰው አንድ አይደለም ብዬ ጨመርኩ። ይህችኛዋን አልሰማም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮንጋ ስደርስ አባቴ ምድጃ ዳር ተቀምጦ የቡና ፍሬ ጫፍ በጥርሱ እየነከሰ ሸክላ ድስት ውስጥ ይጥላል። ድስቱ ውስጥ ቅቤ ይፈላል፤ ፍሬው ከነልጣጩ ሲገባበት ይንጣጣል። በኦሮምኛ «ቡና ቀላ» የሚባለው ነው፣ የታረደ ቡና ማለት። እናቴ ጉጂ ስለሆነች እኛ ቤት ቡና እንደ ከብት ይታረዳል፣ ይመረቅበታል፣ ከነቅቤው ይበላል።

«አባዬ፣ ምንድነው ይሄ?»

«መድኃኒቴ ነዋ። ልጣጩ ጉበት ያሽራል አላልሽም?» አለና በእንጨት ማንኪያ ጎረሰ። ቅቤው በአገጩ ወረደ።

ያ ቢጫ ጉበት ዓይኔ ላይ መጣ። ደሜ ፈላ። ድስቱን በእግሬ መታሁት። ተሰባበረ፤ ቅቤው እሳቱ ላይ ቦግ አለ፣ የቀረው አባቴ እግር ላይ ፈሰሰ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። እናቴ የተመረቀ ነገር ረገጥሽ ብላ በጥፊ አጮለችኝ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። እሱም በአንድ እግሩ ቆሞ ትከሻዬ ላይ ከዘራውን አቀመሰኝ። ደሜን እየተፋሁ ሞትህን በማንኪያ እየላስክ ነው አልኩት። ፈርቼ ነበር እንጂ ጠልቼው አልነበረም።

እግሩ ሻር ሲልለት ዲላ መጣና የአይጦቹን ጉበት አሳዪኝ አለ። ፊቱ ሁለት አይጥ ገድዬ ሁለቱን ጉበት ሳህን ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። ቢጫውን አየ።

«የኔ ይሄ ነው?»

«እሱን ይመስላል።»

ቀላ ወዳለው ዞረ። «ይቺኛዋስ፣ ልጣጩን ጠጥታ ተሽሏት ነበር?»

«ትንሽ ተሽሏት ነበር።»

«እና ገደልሻት።»

«ካልገደልኳት ጉበቷን አላይም፣ አባዬ።»

ደም የነካውን ጓንቴን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ከዘራውን አንስቶ እያነከሰ ወደ በሩ ሄደ።

«ቅቤውን ትቻለሁ» አለ ሳይዞር። «አንቺም እኔን ሳትገድዪ እዪኝ።»