አውሮፕላኑን ከጣና ያወጣሁት እኔ ነኝ

መካኒክነት ያስተማረኝ ሰው የለም። የፈታሁትን መልሼ እየገጠምሁ ራሴ ተማርሁ። በባሕር ዳር ከእኔ በፊት የናፍጣ ሞተር ድምፅ ሰምቶ ብቻ ጉድለቱን የሚናገር አልነበረም። ስለዚህ በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ጣና ዳር ወድቆ ደንገል የበቀለበትን የጦር አውሮፕላን አደባባይ ላይ ለማቆም ሲያስብ ወደ እኔ መጣ። ቀድሞ በከባድ መኪና አስጎትቶት ነበር፤ ጭራው ተገነጠለ፣ ሌላው አካሉ ጭቃው ውስጥ ይበልጥ ሰመጠ።

«ለአብዮት በዓል ካልቆመ ጋራዥህን ለማኅበር እናስረክባለን» አለኝ።

«ቆሞ ያዩታል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልሁት።

ከነቤተሰቤ የምበላው ከዚያ ጋራዥ ነበር።

ጊዜው ግንቦት ነው፤ ሐይቁ ዝቅ ስላለ ውሃው ከደረቴ አያልፍም። የባዶ በርሜሎችን አፍ በሬንጅ ደፍኜ ከክንፎቹ ጋር አሰርሁ። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ይሞላል፤ በርሜሎቹ ከውሃው ጋር ከፍ ሲሉ አውሮፕላኑን ከጭቃው ይነቅሉታል። ይህን ዘዴ ከማንም አልሰማሁትም።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳትሁ። በሬን የሚችል የቆዳ ጠፍር በርሜልም ይችላል ብዬ በጠፍር ነበር ያሰርሁት። ሐምሌ ላይ በርሜሎቹ ብቻቸውን ተንሳፍፈው ሄዱ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ በታንኳቸው ተከትለው ሰበሰቡልኝ።

«አያ መካኒክ፣ ቆዳ ውሃ ሲጠጣ እንደሚለሰልስ ሚስትህን ብትጠይቃት ትነግርህ ነበር!» አሉኝ።

«ስቀው ሲጨርሱ ያንን የሽቦ ገመድ ያቀብሉኝ» አልሁ።

አሁን ውሃው ከቁመቴ በላይ ነው። እየጠለቅሁ በሽቦ ገመድ እንደገና አሰርሁ፤ ሽማግሌው ከታንኳቸው ሆነው ጫፉን ይዘውልኛል። የቀረኝ ተስፋ የነሐሴ ሙላት ብቻ ነበር። በየማለዳው ወርጄ አያለሁ፤ አይነቃነቅም። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ክንፉ ጭቃ እንደለበሰ ከውሃው በላይ ታየ። ሰው ጠርተን እየጎተትን ወደ ዳር አወጣነው። የጎደጎደ ጎኑን በእንጨት መዶሻ አቃናሁ፤ ጭራውን ከበርሜል ቆርቆሮ ሠራሁለት።

«ይበራል?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ያዘዙኝ እንዲቆም ነው» አልሁት።

በበዓሉ ቀን አውሮፕላኑ አደባባይ ላይ ቆሞ፣ ሊቀመንበሩ በንግግሩ «ሰፊው ሕዝብ በክንዱ ያወጣው» አለ። ሽማግሌው በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝና «ሰፊው ሕዝብ እኔና አንተ ነን እንዴ?» አሉ። ጋራዤን ግን ማንም አልነካውም። በማግስቱ ከሐሙሲት አንድ አውቶቡስ ተጎትቶ መጣልኝ፤ ከምሳ በፊት አስነሳሁት።