አሸዋ ያመጣው ካሜራ

ሰፈሩ «ፍተሻ» ይላታል። ፊት ለፊት የሚላት የለም እንጂ እሷም ታውቀዋለች። ዳቦ ስትገዛ ከሥሩ ገልብጣ ታያለች፤ ሰው «ደህና አደርሽ?» ሲላት «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ትላለች በሆዷ። ከአባቷ የወረሰችውን ፎቶ ቤት ሠላሳ ዓመት ያቆመላት ግን ይኸው ዓመሏ ነው። ለጉርድ ፎቶ የተቀመጠ ሰው ኮሌታው በጣት ውፍረት ቢዛነፍ አታነሳውም፣ አበቃ። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት የገዛ ወንድሟን መጠርጠር የጀመረችው።

ነገሩ የመጣው ለፎቶ ቤቱ በገዟቸው ሁለት ካሜራዎች ነው። ሌንሳቸው የሚፈታ፣ መዳፍ የማይሞሉ፣ መንታ የሚመስሉ ካሜራዎች። የአንዱ ሞዴል ቁጥር ከሌላው በአንድ ይበልጣል፣ በቃ። ሻጩ «ልዩነታቸው ቁልፎቹ ላይ ነው እንጂ ምስላቸው አንድ ነው» ብሎ ምሎላቸዋል። አብሯት የሚሠራው ታናሽ ወንድሟም «እትዬ፣ አንቺ ምረጪ» አላት። አዲሱን መረጠች፤ እንዳይቀየርባትም ማንገቻው ላይ ቀይ ክር ቋጠረች።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን የሷ ፎቶዎች አሸዋ ያመጡ ጀመር። አሸዋ የሚሉት በጠቆረው ቦታ ላይ የሚነሰነሰውን ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። የሙሽራው ኮት አሸዋ፣ የሕፃኑ ጉንጭ አሸዋ! የወንድሟ ፎቶ ደግሞ ጥርት፣ ኩልል ያለ። ይባስ ብሎ በየዓመቱ ተመራቂዎቹን የምታነሳለት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ደወሉና «ዘንድሮ እንኳ ወንድምዎ ቢመጡልን» አሏት።

ስልኩን ዘጋች። «ገባኝ» አለች። «ካሜራዬን አበላሽቶ ከአባቴ ቤት ሊነቅለኝ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ያላየችውን ሁሉ ታይ ጀመር። ጠዋት ቀድሟት ይገባል፤ ለምን? ካሜራዋን «ላጽዳልሽ» ይላል፤ ማን ጠየቀው? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ስትገባም ወሬውን ያቋርጣል። አቤት ጥርጣሬ! አንዴ ከገባ ሰውየው ቢያስነጥስም ምክንያት ይፈልጉለታል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ወንድሟ አልበም ሊያደርስ ሲወጣ በሩን ቀረቀረች። በርጩማው ላይ ጥቁር ጃንጥላ አቆመች፤ ሁለቱንም ካሜራዎች በየተራ መቆሚያው ላይ አስራ በአንድ መብራት አነሳች። የሱ ጥርት አለ። የሷ አሸዋ። ሌንሶቹን አለዋወጠች፤ አሁንም የሷ አሸዋ። እንግዲያው ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም።

የአዲሶቹን ካሜራዎች ማስተካከያ ቁጥሮች ማሰናዳት የወንድሟ ድርሻ ነበር፤ እሷ ነክታቸው አታውቅም። ዛሬ ግን መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸው። የሷ ካሜራ ብርሃን የሚያስገባው በር ከመጠን በላይ ቶሎ እንዲዘጋ ተደርጓል። እንደዚያ ሲፈጥን ብርሃን ያንሰዋልና፣ ያንን ለማካካስ ብርሃን የመሳብ አቅሙን የሚወስነው ሌላው ቁጥር ጣሪያ ድረስ ተሰቅሏል። አሸዋውን ያመጣው ይሄ ነው። ቁጥሮቹን እንደሱ ካሜራ አስተካክላ ጃንጥላውን ደግማ አነሳችው። ሁለቱ ምስሎች ቁርጥ አንድ ሆኑ።

«ያዝኩህ!» አለች፣ ብቻዋን ጮክ ብላ።

ሲመለስ ገና እንዲቀመጥ እንኳ አልፈቀደችለትም። «ካሜራዬን የነካካው ማነው?»

ይክዳል ብላ ነበር። «እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ።

«የእናቴ ልጅ! አንተ?»

«እኔ ነኝ። በይ አሁን ከመቆሚያው ፍቺውና በእጅሽ አንሺኝ።»

ንዴቷ እንዳለ ሦስት ጊዜ አነሳችው። ኮምፒውተሩ ላይ ሲያዩት አሸዋ የሚባል የለም። የወንድሟ ፊት ግን በሦስቱም ላይ ተድበስብሷል፤ አፍንጫው ሁለት ጠርዝ አውጥቷል። ልታጠፋው ብላ እጇን ስትዘረጋ ጣቷ ከቁልፉ ጎን ያለውን ነካ። ደገመች፤ አሁንም ሳተችው።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አላት ቀስ ብሎ። «ወራት አለፈው። ቶሎ እንዲዘጋ ያደረግኩት መንቀጥቀጡ ፎቶው ላይ እንዳይወጣ ነው። አሸዋውን አውቄ ነው የተውኩት። ሰው 'ካሜራዋ ነው' ይበል፤ 'እሷ ናት' እንዳይል ብዬ።»

ጃንጥላውን ገፋ አድርጋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሻይ በፈሰሰ ቁጥር ብርጭቆውን ስትሰድብ ነበር የከረመችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

 ስልኳን አወጣች፤ ቁጥሩን ሞከረች፤ ሳተችው፤ ለወንድሟ ሰጠችው።

«ለዳይሬክተሩ ደውልልኝ። ጣቴ ቁጥሩን አልመታ አለኝ።»

«ምን ልበላቸው እትዬ?»

«የምታነሳው አንተ እንደሆንክ ንገራቸው» አለች፤ እንባዋን ሳትጠርግ።