አባቴ ለትራፊኩ የተሸከሙት ድንጋይ

በነሐሴ ማለዳ ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ነድቶ የሚያውቅ ሰው ጉም ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። መንገዱ ከፊትህ ይጠፋል። የባሕር ዛፎቹ ግንድ ይታይህና ጫፋቸው የለም። ከየት እንደመጣች ያልታወቀች ላም አስፋልቱ ዳር ቆማ ታይሃለች፤ መልሰህ ስታያት የለችም። እኔ እንዲህ ያለውን ማለዳ እወደዋለሁ። በሦስተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ስሄድ በሕልሜ የምነዳ ይመስለኛል፤ እጄና እግሬ ብቻቸውን ሥራቸውን ይሠራሉ። ይህን የእህል ነጋዴው አሠሪዬ ቢሰማ ቁልፉን ይቀማኝ ነበር።

ያን ዕለት ከኋላ የነጋዴው ጤፍ ተጭኗል፣ ከጎኔ ጋቢና ውስጥ ደግሞ አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኗቸው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው። የብርሃንና የጨለማ ልዩነት ይታያቸዋል፣ ሌላው ሁሉ ነጭ ነው። ለእሳቸው ጉሙ ከወረደ ሁለት ዓመት አልፎታል።

"ጉም ነው መሰለኝ፤ ዝም ዝም ብሏል አገሩ" አሉኝ።

"ጉም ነው፣ አባዬ። ምንም አይታይም።"

"በል እንግዲያ ዛሬ እኩል ሆነናል" አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

ትንሽ እንደሄድን፣ አንድ ኩርባ ላይ፣ ከኋላችን ጥሩንባ ጮኸ። ልክ እንደ እኔው ያለ ነጭ ፒካፕ ያልተቆራረጠውን መስመር ረግጦ፣ ደርቦ አለፈኝ። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝሁ፤ ጎማዬ ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠር ላይ ተንኮሻኮሸና ተመለሰ። አባቴ ከፊታቸው ያለውን እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ኧረ ቀስ በል፣ ልጄ! ምን አስቸኮለህ!"

እኔ ግን ያን ጊዜ አፌን የከፈትሁት ለስድብ እንጂ ለማስረዳት አልነበረም። ጉም ውስጥ የጠፋውን ሾፌር እስከ ዘር ማንዘሩ አወረድሁበት። አባቴ ስድቡን ሰምተው፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። ቁጣዬ በርዶ መንገዱ እንደገና ሕልም ሲሆንብኝ፣ ማን ማንን እንደቀደመ ሳልነግራቸው ቀረሁ። ጥፋት ከተባለ የእኔ ጥፋት ይቺ ናት።

ከዚያ ወዲያ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የታየኝ አንጸባራቂ ሰደርያ ነው። ሰውየው ገና የለም፤ ሰደርያው ብቻ መንገዱ ዳር ተንጠልጥሏል፤ ቀጥሎ እጅ ተነሣ። ፍሬቻ አሳይቼ ዳር ያዝሁ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ የእጅ ፍሬን ሳብሁ፣ አንዲት ትልቅ ትንፋሽ ወሰድሁ።

እዚህ ላይ ስለ ትንፋሹ መናገር አለብኝ። ትራፊክ ሲያስቆመኝ የምፈራ ሰው ነበርሁ። ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ጥፋት ተመዝግቦብኛል። አንደኛው እውነት ነው፤ ከልክ በላይ ጭኜ ነበር፣ ምንም አልልም። ሁለተኛው ግን ውሸት ነበር፤ ባልጣስሁት ምልክት ተከስሼ፣ ስለፈራሁ ብቻ ሳላነብ ፈርሜ መጣሁ። ሦስተኛ ከተጨመረ መንጃ ፈቃዴ እንደሚታገድ ተነግሮኛል። አሠሪዬም "መንጃ ፈቃድ የሌለው ሾፌር ለእኔ ምኔ ነው?" ብሎ ቁርጡን አሳውቆኛል። ከዚያ በኋላ የትራፊክ ደንቡን ደብረ ማርቆስ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ፣ ማታ ማታ እንደ ዳዊት ደጋሚ እያነበነብሁ አጠናሁት። ሉማሜ ሻይ ቤት የሚቀመጡት ጓደኞቼ "ጠበቃው መጣ" ይሉኝ ጀመር።

ያጠናሁት ብዙ አይደለም። ሲያስቆሙህ ቁም፤ አትሽሽ፣ አትጨቃጨቅ። መንጃ ፈቃድህንና ሊብሬህን ስጥ፤ መሐላቸው ብር አጥፈህ አትክተት፣ እሱ ራሱ ሌላ ወንጀል ነው። ጥፋትህ ምን እንደሆነ ጠይቅ፣ የመጠየቅ መብት አለህ። የተጻፈብህን ሳታነብ አትፈርም። ካላመንህበት አላምንበትም በል፤ ወረቀቱን ይዘህ ጽሕፈት ቤት ሄደህ አመልክት፣ እዚያም ካልሆነ ዳኛ አለ። ይኸው ነው። ሲነበብ ቀላል ነው፤ ሰደርያ የለበሰ ሰው ፊት ቆሞ መናገሩ ነው ጭንቁ።

ወርጄ ወደ ትራፊኩ ሄድሁ። ልጅ እግር ነው፤ ፊቱ በብርዱ ቀልቷል።

"እንደምን አደርክ። መንጃ ፈቃድና ሊብሬ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ይኸው። ጥፋቴ ምንድን ነው?"

"ኩርባ ላይ ደርበህ ቀድመሃል። ወዲያ ያለው ባልደረባዬ አሁን ደውሎ ነገረኝ። ነጭ ፒካፕ።"

"የተቀደምሁት እኔ ነኝ። ሌላ ነጭ ፒካፕ ነው አልፎኝ የሄደው፤ ስልኩ ሳይደወልልዎ በፊት በዚህ አልፎ ይሆናል።"

"ሁሉም ሾፌር እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ታርጋውስ ስንት ነው ተባለ?"

ይህን ስጠይቅ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ታርጋዬን አየ፤ ስልኩን አወጣ፤ ደወለ፤ አልያዘለትም። ጉሙ ኔትወርኩንም የዋጠው ይመስላል። ስልኩን ኪሱ ከትቶ የክስ ደብተሩን ገለጠ።

"እኔ የተነገረኝን ነው የምጽፈው። ትፈርምልኛለህ።"

"ሳላምንበት አልፈርምም። ይጻፉት፣ አላምንበትም ማለቴንም አብረው ይጻፉልኝ። ጽሕፈት ቤት ሄጄ አመለክታለሁ።"

ተናግሬ ጨረስሁ። በዚህ መሐል የጋቢናው በር ሲከፈት ሰማሁ።

አባቴ በዘንጋቸው መሬቱን እየነኩ ወረዱ። የሁለታችን ድምፅ ከፍ ማለቱን ሰምተዋል። ወደ እኛ ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ መንገዱ ዳር ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሳሩን ይዳስሱ ጀመር። ምን እንደሚፈልጉ ወዲያው ገባኝ።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ ተጎንብሶ ይቀርባል። ተበዳዩ "ይቅር ለእግዜር" ብሎ ድንጋዩን በእጁ እስኪያወርድለት ቀና አይልም። አባቴ በዚህ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተገፋፋ ጎረቤት፣ ደም የተቃባ ሳይቀር አስታርቀዋል። የሰው ጥፋት የራሳቸው እስኪመስላቸው ድረስ በሰው ፈንታ ጎንብሰዋል። የእኔንም ጥፋት አንዴ ተሸክመውልኛል። አምስተኛ ክፍል እያለሁ የትምህርት ቤቱ መስኮት ተሰበረ፣ ስሜ ተጠራ። አባቴ በማግስቱ ድንጋይ ተሸክመው ዲሬክተሩ ፊት ቆሙ፤ ዲሬክተሩ ደንግጦ አወረደላቸው፤ ምሕረት ተደረገልኝ። መስኮቱን ግን አልሰበርሁትም ነበር። ዲሬክተሩም አባቴም፣ አንዳቸውም "ሰብረሃል ወይ?" ብለው አልጠየቁኝም። ተምሬ እስክጨርስ መስኮት ሰባሪው ስባል ኖርሁ።

አሁንም ያው ድንጋይ። ጤዛ ያረጠበው፣ ጥቁር፣ የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ ነጭ ጋቢያቸው ከነጩ ጉም እየተቀላቀለ ቀስ እያሉ መጡ። ከወገባቸው በታች አይታይም ነበር። ወደ ልጁ ሰደርያ አቅጣጫ ጎነበሱ።

"የኔ ጌታ፣ ልጄ አጥፍቷል። መሪው ሲጠመዘዝ እኔው ራሴ አውቄያለሁ። ስለ ማርያም ብለህ፣ በጾሟ ማረው።"

"አባዬ፣ አላጠፋሁም!"

"ዝም በል። ካላጠፋህ ማን ያቆምሃል?"

ትራፊኩ ደብተሩን ሊያስቀምጥ ቦታ አጣ። እንደ አያቱ የሚሆኑ ሰው እፊቱ ድንጋይ ተሸክመው ቆመዋል፤ እናቱ ብታየው ምን ትለዋለች? ፊቱ የባሰ ቀላ።

"ኧረ አባባ፣ ኧረ በማርያም! ያውርዱት! ምሬዋለሁ፣ ስለ እርስዎ ስል ምሬዋለሁ" አለና ወደ እኔ ዞሮ መንጃ ፈቃዴን ዘረጋልኝ። "በል ሂድ። ሁለተኛ እንዳትደግም።"

እጄን ዘረጋሁ። አልዋሽም፣ ዘረጋሁ። መንጃ ፈቃዱ ይኸው ነው፣ ቀጠሮው እያለፈ ነው፣ አባቴ ብርድ ላይ ናቸው። ጣቴ ፕላስቲኩን ሲነካው ግን መስኮቱ ትዝ አለኝ። ይህን ምሕረት ይዤ ከሄድሁ ደርቤ የቀደምሁት እኔ እሆናለሁ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን፣ በየድግሱ፣ ልጃቸውን ከትራፊክ ያዳኑበትን ቀን ያወራሉ። እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። እጄን መለስሁ።

"ምሕረት አልፈልግም። ስልኩን ደግመው ይሞክሩልኝ።"

"ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነህ!" አለ ትራፊኩ። አባቴም ከድንጋዩ ሥር "ወይ ልጄ!" ሲሉ ሰማኋቸው።

እውነቱን ነው፣ ደረቅ ነኝ። ትራፊኩ ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ እያየ ከፍ ወዳለው ቦታ ወጣ፤ ጉሙ ከነሰደርያው ዋጠው። አባቴና እኔ ብቻችንን ቀረን። ድንጋዩን ላወርድላቸው ስሞክር "አትንካ፣ ያንተ አይደለም" አሉኝ። ከጉሙ ባሻገር አንድ በሬ አገሳ። የውኃ ጠብታ ከባሕር ዛፉ ቅጠል ጋቢያቸው ላይ ይወርዳል። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም፤ አንዳንዴ አሁንም እዚያው የቆምን ይመስለኛል።

ከዚያ ሰደርያው ተመለሰ። ልጁ በቀጥታ ወደ አባቴ ሄዶ እጁን ትከሻቸው ላይ አደረገ።

"አባባ፣ ታርጋው ሌላ ነው። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። ልጅዎ ጥፋት የለበትም።"

አባቴ አልተንቀሳቀሱም። ልጁ ድንጋዩን ሊያወርድላቸው እጁን ሲሰድ በክርናቸው መለሱት።

"ተው፣ የኔ ጌታ። እንግዲህ ይሄ ላንተ አይደለም" አሉት። ቀጥለውም፦ "ልጄ፣ በየት በኩል ነህ?"

"እዚህ ነኝ፣ አባዬ።"

ወደ ድምፄ ዞሩ። ጎነበሱ፤ ለትራፊኩ ከጎነበሱት የበለጠ ጎነበሱ፤ የጋቢያቸው ጫፍ ጭቃውን ነካ።

"ሳልጠይቅህ ፈረድሁብህ። የመስኮቱንም ጨምርበት።"

የመስኮቱን ያውቁ ነበር። እኔ እንዳልሰበርሁት ማን፣ መቼ እንደነገራቸው ጠይቄ አላውቅም፣ ወደፊትም አልጠይቅም። ይህን ሁሉ ዓመት እሳቸውም ይዘውት ኖረዋል። ያነበነብሁት ደንብ ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ልጅ ለአባቱ ይቅር ብያለሁ ይላል እንዴ? አፈርሁ። ትራፊኩ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዞረልን።

"ይቅር ለእግዜር" አልሁ በመጨረሻ። ድንጋዩን በሁለት እጄ አነሣሁት። በረዶ ነው፤ ከገመትሁት በላይ ከባድ ነበር። ሳሩ ላይ ሳስቀምጠው አባቴ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና የፊቴን ቦታ በእጃቸው ፈልገው ጉንጬን ዳሰሱ። እንባዬን አገኙት።

ልጁ መንጃ ፈቃዴንና ሊብሬዬን መለሰልኝ። አባቴን ደግፎ ጋቢና አስገባቸው፣ በሩንም ራሱ ዘጋላቸው።

ሞተሩን አስነሣሁ። ጉሙ ገና አልተነሣም። ጥቂት እንደሄድን አባቴ እጃቸውን ማርሹን በያዘው እጄ ላይ አሳረፉ።

"እስቲ ንገረኝ" አሉ፤ "እዚያ ኩርባ ላይ ምን ነበር የሆነው?"

ከመጀመሪያው ጀመርሁላቸው፤ ከጥሩንባው፣ ከነጩ ፒካፕ፣ ከጠጠሩ። እየሰሙ "እህ" ይላሉ። ከፊታችን የደብረ ማርቆስ ቤቶች በጉሙ ውስጥ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምሩ፣ ወሬዬ ሳያልቅ እንዳንደርስ ማርሽ ቀነስሁ።