ነጩን ግልገል ፍለጋ ወደ ጭልሞ

ጠዋት፣ ከአምቦ

የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ወተት የመሰለ ነጭ ነው ብለው ካወሩልኝ ጀምሮ ልቤ ቆሞ ነበር። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ አጎቴን ጋሼ ተሰማን ይዤ፣ ይህንኑ ግልገል ለማየት ጭልሞ ጫካ ሥር ወዳለች የወንዝ ዳር መንደር ተነሣሁ። ጋሼ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ መንገድ ሲመላለስ አንድም ቀን ወደ ጫካው ጎራ ብሎ አያውቅም። መናኸሪያ ስንገናኝ የአምቦ ውሃ በፌስታል አንጠልጥሏል።

"የሰው አገር ውሃ ሆዴን ይነፋኛል" አለኝ። የእኛ አገር ሰው ውሃውን ካልያዘ እግሩ ከቤት አይወጣም።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ጋሼ ግን ዓይኑ የሚኒባሱ መሪ ላይ ነው። "ማርሽ ቀንስ እንጂ!" እያለ ሾፌሩን እስከ ጊንጪ አስጨነቀው።

ጊንጪ

በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ በላንና ባጃጅ ኮንትራት ያዝን። ዋጋው ከሚኒባሱ በብዙ ይበልጣል፤ ጋሼ ተከራክሮ ተከራክሮ ተሸነፈ። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ አናታችን ከጣሪያው ጋር እየተጋጨ ደረስን።

የመንደሩ አስጎብኚዎች አለቃ ኦቦ ዲንቃ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። "አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ!" ብለው ተቀበሉንና ደንቡን ነገሩን። እንግዳ ከጫካ ሲወጣ እሳቸው ፊት ቆሞ ያየውን ይናገራል። መሪው የሚመዘነው በዚያ ነው።

"ዛሬ የምትመራችሁ አዴ ጫልቱ ናት" አሉ። "እስካሁን ማገዶ ተሸክማ ጊንጪ እየሸጠች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ሴት ስትመራ የመጀመሪያዋ ናት። ካሳየቻችሁ ትቀጥላለች፤ ካላሳየቻችሁ ወደ ማገዶዋ ትመለሳለች።"

አጥሩን ተደግፈው የቆሙት ወንዶች አስጎብኚዎች ተያይተው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው አናደደኝ።

ጫካው

ጫልቱ ወንዙን ይዛ ወደ ላይ መራችን። ጥዱና ዝግባው ሰማዩን ሸፍኖታል። ክንፉን ሲዘረጋ ቀይ የሚሆን አረንጓዴ ወፍ በላያችን አለፈ። ድንገት እጇን አነሣች። ከዝግባው ቅርንጫፍ ረጃጅም ነጭ ጭራዎች ተንጠልጥለዋል።

"ግልገሉ እናቱ ደረት ላይ ነው" አለች በሹክሹክታ። "እስክትዞር ድምፅ አታሰሙ።"

ትንፋሼን ዋጥኩ። ጋሼ ደግሞ በዚያች ሰዓት ውሃ ጠማው! ባጃጁ ሲንጠው የመጣው የአምቦ ውሃ ክዳኑ ገና ሲላላ "ፏ!" ብሎ ፊቱን አጠበው። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ ጠፉ።

ሣቄ አመለጠኝ። ጫልቱን ሳይ ግን አፈርኩ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"አይዞዎት አባባ" አለችው፣ እሱን ራሷ እያጽናናች።

ወንዙ ዳር ተቀምጠን ጠበቅን። ቆሎ አካፈለችን፣ የወፎችን ጎጆ አሳየችን። እንደዚያ ተረጋግቼ የተቀመጥኩበትን ቀን አላስታውስም። ጉሬዛዎቹ ግን አልተመለሱም።

ስንወርድ ጋሼ "አየን እንላለን፤ ማን ያውቃል?" አላት።

"ተዉ አባባ" አለች።

ኦቦ ዲንቃ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። "አርግተኒ? አያችሁ?"

ጋሼ አፉን ሳይከፍት ጫልቱ ቀደመችው። "ጭራቸውን ነው። ግልገሉን አላዩም።"

"ያባረርኳቸው እኔ ነኝ!" አለ ጋሼ።

ሽማግሌው አዩዋት። ከዚያ አጥሩ ሥር ወደቆሙት ወንዶች አስጎብኚዎች ዞሩ። "ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ በር ላይ ስጠይቅ 'አላየንም' ያለኝ እንግዳ የለም። ዝናብ ሲጥል በዋለበት ቀን እንኳ ሁሉም አይቷል! ለካ የሚሉትን ስታስጠኗቸው ነው የምትመጡት።"

አሁን ፈገግ ያለ አልነበረም። አንዱ ጫማውን ማየት ጀመረ።

"የነገ እንግዶች ያንቺ ናቸው" አሏት። ጫልቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሣቀች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ማታ፣ አምቦ

ጎብኝተን ስንመለስ ብዙ አይቻለሁ ማለት ያምረናል። እኔም ከዚህ በፊት ሳላይ ያወራሁት ጥቂት አይደለም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት "አላየሁም" ብሎ ደስ ብሎት መመለስም እንደሚቻል ነው።

የጋሼ ሚስት በሩን ከፍታ "እህ፣ ግልገሉን አያችሁት?" አለች።

"አላየንም" አለ ጋሼ ደረቱን ነፍቶ። "ጫልቱ ግን ሥራ አገኘች።"