የእትዬ ዘይነባ ጥንቸል

ልጄ ለትምህርት ቤት ድራማ የካርቶን ጆሮ አጥልቃ እየተለማመደች ነው። «አባቴ የፈጠረው የጥንቸሏ ተረት» ብላ ስትጀምር የአጋሮ ልጅነቴ መጣብኝ።

ተረቱን በኦሮምኛ የነገሩኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ሰፌድ ላይ ጥቁሩን ቡና ከደህናው እየለቀሙ። እኔ ደግሞ የወላጆች ቀን ላይ በአማርኛ አወራሁት። መምህሩ «ከማን ሰማኸው?» ሲሉኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት «ራሴ ፈጠርኩት» አልኩ። እትዬ ዘይነባ እዚያው ተቀምጠው ነበር። አጨበጨቡልኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀስ ብለው፣ «ማሻአላህ፣ ጥንቸሌ አማርኛ ለመደች። እኔን ግን ረሳችኝ እንዴ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ዛሬ በሕይወት የሉም።

«አባዬ፣ አጀማመሬ ልክ ነው?» አለችኝ ልጄ።

«ልክ ነው» አልኳት።