የማር ቆራጩ አሟሟት

የልጅ ልጄ ቦንጋ ከተማ አዲስ ከተከፈተው ቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን መጽሐፍ እያነበበች ትስቃለች። «እማማ፣ ንስር ኤሊ አናቱ ላይ ጥሎበት የሞተ የግሪክ ደራሲ አለ! መላጣው ድንጋይ መስሎት!»

ሳቋ ወዳደግሁባት መንደር ወደ ማንኪራ መለሰኝ። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ገብሬ አዲስ ቀፎ በሐረግ ሲያስሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ። እጃቸው ሰም ሰም ይሸታል። አባታቸው በአገሩ የታወቁ ማር ቆራጭ ነበሩ።

«አባትዎ የገዛ ደጃፋቸው ላይ አንሸራቷቸው ነው የሞቱት አሉ፤ ያን ሁሉ ዛፍ የወጡ ሰው!» ብዬ ሳቅሁ።

አልተቆጡኝም። ሐረጉን ጠበቅ አድርገው፣ «እውነት ነው፤ ጭቃ ነበር» አሉ። «ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ደጃፉ ነው። አንቺ ግን ነይ፣ ዛፉን ላሳይሽ።»

ጫካ ይዘውኝ ገቡ። አንገቴን እስኪያመኝ ሽቅብ አየሁ። ሰው ይደርስበታል በማይባል ቅርንጫፍ ላይ የአባታቸው ቀፎ ተጋድሟል፤ ንቦቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሳቄ ጠፋ።

እኔም የልጅ ልጄን አልተቆጣኋትም። «ደራሲው ምን ጻፈ?» አልኳት።

ገጹን ገለጠች፤ መልሳ ገለጠች።

«እማማ፣ አሟሟቱ ብቻ ነው ያለው።»