የአስካለን አንደበት ፍለጋ ወደ አዳማ

የመስቀል ማግስት ጠዋት ልጄን አስካለን ይዤ ከለገሃር ባቡር ተሳፈርኩ። ለወዳጆቼ «ቆዳ ልገዛ ነው» ብያለሁ፤ ውሸትም አይደለም፣ የቆዳ ነጋዴ ነኝ። ዋናው ጉዳዬ ግን አስካለ ናት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስትናገር ትንተባተባለች። ንባብ ስትጀምር ልጆቹ ስለሳቁባት ጭራሽ አፏን ዘጋች፤ መምህሯም ጨርሶ ተስፋ ቆረጠባት። አዳማ ላይ አንድ የኔታ እንዲህ ያሉትን ልጆች በዜማ እንደሚያስነብቡ ሰምቼ ነው የተነሳሁት። ይህም ካልሆነ ከትምህርት አወጣታለሁ ብዬ ለእናቷ ነግሬያታለሁ። እናቷ ስንቃችንን ቋጠረች።

ከአቃቂ እስከ ሞጆ

ሦስተኛ ማዕረግ ሰውም ዶሮም አንድ ላይ ነው የሚሳፈረው። ዱከምን ስናልፍ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነበር። ሞጆ ላይ ባቡሩ ሲቆም በመስኮት የተቀቀለ እንቁላል ገዛን። አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ «ስምሽ ማነው የኔ ልጅ?» ቢሏት አስካለ ፊቷን በነጠላዬ ሸፈነች።

አዳማ

ወይ ሙቀት! ከባቡር ስንወርድ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ዋጠን። ያረፍነው አደ ጫልቱ የሚባሉ ወተት ሻጭ ቤት ነው። «አካም ጅርቱ? ደህና ናችሁ? ግቡ፣ ግቡ!» ብለው ገና ሳንቀመጥ እርጎ አቀረቡልን።

የኔታ ተማሪዎቻቸውን ግራር ሥር ሰብስበው አገኘኋቸው። ቆጣ ያሉ ሰው ናቸው። አስካለን ግን ስሟን እንኳ አልጠየቋትም።

«ቁጭ በይ። አትናገሪ፤ ከልጆቹ ጋር አዚሚ» አሏት።

እኔ ቆዳዬን ስገዛ ልጄ ስታዜም ሰነበተች። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ብሰማ ፊቷ የተዘረጋውን የንባብ ገጽ ከላይ እስከ ታች አንድም ሳትሰናከል ታዜመዋለች። የማደርገው ጠፋኝ፤ እንደ ሴት እልል ልል ምንም አልቀረኝ! በማግሥቱ ልንመለስ እንደሆነ ለየኔታ ነገርኳቸው። እሳቸው በመዳፋቸው ገጹን ሸፈኑት። አስካለ ምን ገዷት፣ ሽምጥ ትጋልበዋለች።

«አየህ? በቃሏ ነው። ዐይኗ ገና አልተማረም» አሉኝ።

«አሁንስ ጉድ ሆንኩ በሉኛ!»

«ምን ሆንክ? ዜማው አፏን ከፈተላት፤ አሁን ደግሞ ዐይኗን ይከፍትላታል። አንተ ብቻ አታጣድፈን።»

ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጭብጨባ፣ ከፊደሉ ሥር ደግሞ አንድ መጠቆሚያ ስንደዶ። አስካለ ዜማውን ለመድኩት ስትል የኔታ ይለውጡባታል፤ አንዴ ያዘግሙታል፣ አንዴ ያፈጥኑታል፣ አንዴ ከመስመሩ መሐል ያስጀምሯታል። ያኔ በቃሏ የያዘችው ይጠፋባትና የግዷን ፊደሉን ታያለች። መጀመሪያ ላይ ስንደዶዋን ወርውራ አለቀሰች። ማታ አደ ጫልቱ በኦሮምኛ እየዘፈኑ አስጨበጨቧትና ሳቀች፤ እሳቸው ያሏትን ቃል ሁሉ ተከትላ አለች፣ አንዱም አልያዛት። በነጋታው ስንደዶዋን ራሷ አነሳች።

እየዋለ እያደረ የኔታ ዜማውን አሳጠሩት፣ አቀጠኑት። በመጨረሻ ከዜማው የቀረው ጣቷ ጉልበቷ ላይ የሚመታው ምት ብቻ ሆነ። ስንሰናበት እጃቸውን ስሜ አመሰገንኳቸው።

«መንተባተቡ ሙሉ በሙሉ ላይለቃት ይችላል፤ መንገዱን ግን አውቃዋለች» አሉኝ።

ወደ ቤት

አዲስ አበባ ስንገባ ብርዱ አንቀጠቀጠን። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ዜማ የምስጋና ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ቃልን ቆራርሶ ለልጅ አፍና ዐይን የሚያጎርስ እጅም አለው። ቆዳውን ካያችሁ ደግሞ ግማሹ ብልሽት ነው፤ ልቤ የት ሆኖ ልምረጥ!

አስካለ ከጎኔ፣ እናቷ ፊት ቁጭ ብላ ገጹን ዘረጋች። ያለ ዜማ፣ በንግግር ድምፅ ታነብ ጀመር። ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ያዛት። «መ... መ...» አለች። አላስቻለኝምና ቃሉን ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ዐይኗን ከገጹ ሳታነሳ በግራ መዳፏ አፌን ግጥም አድርጋ ያዘችው። በቀኝ ጣቷ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። ቃሉ ወጣ። ቀጠለች፤ እስከ ታች አነበበችው።

እናቷ ዕንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«በል እንግዲህ፣ ከትምህርት አውጣታ!»

ምን ብዬ ልመልስ? የልጄ መዳፍ ገና ከአፌ ላይ አልተነሳም።